ስለ ወንድሜ ሦስተኛ ክር፦ «ሳንለካ አንነካም» ላሉት ኃላፊ

«ሦስተኛው ክር አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲያዝ ድምፁ ከደረጃው ዝቅ ብሎ ስለተገኘ በመሣሪያ ተለክቶ ተስተካክሏል። ነባር ስህተት ተወግዷል። ከእንግዲህ ባለንብረቱ ቅሬታ አይኖረውም።»

ለተከበሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ጥገና ማዕከል ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም የሰውን ሁሉ ስህተት በአረንጓዴ መብራቱ ለይቶ ለሚያውቀው መቃኛ መሣሪያዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ከላይ ያሰፈርኩት ቃል የእናንተው ነው፤ በኤሌክትሪክ ጊታሩ አንገት ላይ ታስሮ ከተመለሰልኝ ካርድ አንዲት ፊደል ሳልቀንስ የገለበጥኩት ነው። በሦስት ዓረፍተ ነገር አንድ ቤት ጸጥ ማሰኘት የሚችል ጸሐፊ በየቀኑ ስለማይገኝ፣ በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር መስሎ ታየኝ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ፍጹም ትክክል መሆኑን አስቀድሜ ላረጋግጥልዎ። ባለንብረቱ ቅሬታ የለውም። ባለንብረቱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከቀበርነው ዓመት አልፎታል። እኔ ጊታሩን ተሸክሜ የመጣሁ ታላቁ ነኝና ቅሬታው ለእኔ ተርፏል።

አንደኛ፣ እናንተ ዘንድ የመጣሁት በአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉባቸው ስንጥቆች ጠብበው ክሩን ይነክሱታል። የመቃኛውን ቁልፍ ሳዞር ክሩ እምቢ ይላል፤ ከቆየ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ «ጥን» ብሎ ይለቃል፤ የተቃኘውም ይፈርሳል። ጊታሩ የሚቀመጠው ማንም በማይተኛበት በወንድሜ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር፣ የታፈነ ውጥረትም መውጫ እንደሚፈልግ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ይህን ሁሉ ማወቄ ግን፣ ከባዶ ክፍል ድምፅ በወጣ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከማዳመጥ አላዳነኝም። ስለዚህ ስንጥቁ እንዲሰፋ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት እንዲቆይ ጠየቅሁ። ጊታሩ ሲመለስ ስንጥቁ እንደነበረ ነው፤ ክሩም አሁንም «ጥን» ይላል። የታመመውን ጥርስ ትቶ ጤነኛውን የነቀለ ሐኪም ቢያንስ ደም ያያል፤ እናንተ ግን ያለ አንዲት ጠብታ ነቅላችሁታልና ለጥበባችሁ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለተነቀለው ጤነኛ። ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ቢሆንም፣ ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ ሌላውም ሰው ያንብበው። አንድ ክር ሳይያዝ የሚሰጠው ድምፅና አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች አሥራ ሁለተኛው ላይ ተይዞ የሚሰጠው ድምፅ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ይሁን እንጂ፣ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይገባል። ካልሆኑ ክሩ ከታች የሚያርፍባት ትንሿ የብረት መቀመጫ በብሎን ወደፊት ወይም ወደኋላ ትገፋለች። ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን ክርን አጥብቆ የሚጫን ጣት ክሩን ስለሚወጥረው ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። የወንድሜ እጅ ከባድ ነበር፤ በር ሲዘጋም፣ ሰው ሲጨብጥም ያው ነበር። ስለዚህ የሦስተኛውን ክር መቀመጫ ለራሱ ጣት ብሎ ወደኋላ ስቧት ነበር። በእሱ እጅ ሲያዝ ልክ ነው፤ በማንኛችንም እጅ ሲያዝ ግን ትንሽ ይወርዳል። መሣሪያዎ ስህተት ብሎ ያነበበው ያንን ነው። የወንድሜ ጣት ባለመኖሩ የጎደለውን ክብደት አንብቦ፣ ጉድለቱን ደፈነው።

ወንድሜ በሕይወት ሳለ ጊታር ሊያስተምረኝ ደክሟል። እኔ ስጫወት ከወጥ ቤት ሆኖ «ጫን አድርገው እንጂ፣ ጋሼ! ክር ነው፣ እንቁላል አይደለም!» እያለ ይጮህብኝ ነበር። እናታችን ያን ጊዜ ትስቅ ነበር። ዛሬ አልጋ ላይ ናት፤ ቃላት አንድ በአንድ ጥለዋት ሄደዋል፤ እኔ አንዳንዴ ዶክተሩ፣ አንዳንዴ አባታችን እመስላታለሁ። ሆኖም ያን ጊታር አንስቼ ሦስተኛውን ክር በያዝኩና ድምፁ በወረደ ቁጥር፣ ከመኝታ ክፍሏ፣ በጠራ ድምፅ፣ «ጫን አድርገው እንጂ! እንቁላል አይደለም!» ትል ነበር። የቀራት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር፤ የወንድሜ ድምፅም በዚህ ቤት የቀረው እዚያ ውስጥ ነበር። እኔም አውቄ አልጫንም ነበር።

ከእናንተ ዘንድ ተስተካክሎ የተመለሰ ዕለት እንደልማዴ ተጫወትኩ። ድምፁ ንጹሕ ነበር። ሳልጫን ልክ ነበር። እናቴ፣ «እንግዳ ካለ በሩን ዝጉልኝ» አለች። በሩን ዘጋሁላት። ከዚያ ወዲህ ብጫወትም ምንም አትልም።

ለባለሙያዎ ይህን ባስረዳ፣ ወጣቱ በትሕትና «ጋሼ፣ መሣሪያ አይዋሽም፤ እርስዎ ስህተቱን ለምደውት ነው» አለኝ። እግዜር ይስጠው፤ ከማዕከሉ የሰማሁት ብቸኛ እውነት ነው። አዎን፣ ለምደነው ነበር።

ሦስተኛ፣ ከእንግዳ መቀበያዎ በላይ በትልቁ ተጽፎ «ሳንለካ አንነካም» ይላል። ቤት የሚመታ፣ ልብ የሚያሳርፍ ቃል ነው፤ እኔም አምኜው ጊታሩን ጥዬ ሄድኩ። ስለዚህ መቀመጫዋን ከመንካታችሁ በፊት የነበረችበትን ለክታችኋል ማለት ነው። ያ ልኬት ይሰጠኝ ብል ግን ባልደረቦችዎ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ራሴ መፍቻ ይዤ ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ ወደኋላ እየመለስኩ፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ በእናቴ በር ላይ ጆሮዬን ጥጄ ቆሜአለሁ። አንድ ጊዜ «ማነው?» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ዝቅ ያለ ድምፅ ሁሉ የእሱ አይደለም። መቀመጫዋ የነበረችበትን የሚያሳይ አንድ ምልክት ነበር፤ የወንድሜ እጅ ላብ ብረቱ ላይ የተወው የዝገት ጥላ። እሱንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ ጠርጋችሁልኛል። በብረቱ ውስጥ አሁን የማየው የራሴን ፊት ብቻ ነው። ለዚህ ልግስና የሚመጥን ምስጋና በቋንቋችን ፈልጌ አጣሁ።

እናታችን መጋቢት ሃያ አንድ ቀን ወደ እህቴ ቤት፣ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። እህቴ ጊታሩ አብሯት ይምጣ ወይስ ይቅር ብላ ጠይቃኛለች። አልመለስኩላትም፤ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነውና። ከለካችሁ ልኬቱን፣ ሳትለኩ ከነካችሁም ይህንኑ በፊርማዎ አረጋግጠው እንዲያሳውቁኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

የማዕከልዎን የሥራ ጥራት በየዕለቱ በጸጥታ የማዳምጥ፣
ቅሬታ የሌለው ባለንብረት ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልቋጭ ስል ከወንድሜ ክፍል ክሩ «ጥን» አለ። እናቴም በተዘጋው በር ውስጥ ሆና ታናሼን፣ «ቀስ በል፣ ወንድምህ ሥራ ላይ ነው» አለችው። ስለዚህ አንደኛውን ቅሬታዬን አንስቻለሁ። እባክዎ ስንጥቁን ማንም እንዳይነካው፤ ከእጃችሁ የተረፈልን ሳትሠሩት የቀራችሁት ብቻ ነውና፣ ሥራችሁን ስላልሠራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የቀሪዎቹን መልስ ግን እስከ መጋቢት ሃያ ቀን ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።