መደቤን አላስነካም

ለልጄ ለሳያት፦ የጌታ ሰላም እዚያው ስዊድን ድረስ ይከተልሽ፤ በወጣሽ በገባሽበት ሞገስ ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ሐዋሳ ዝናቡ በርትቷል፤ ምሥራቅ ሰፈራችን ጭቃ ነው፤ እኔ ግን አልወደቅሁም።

ወንድምሽ ክብሩ «ሳያት ብላለች» እያለ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያለብስ ሠራተኞች ይዞ መጣ። እኔም በርጩማዬን አውጥቼ ዝንጅብል መደቤ ፊት ቁጭ አልኩ። «ከዚህ የምታልፉት እኔን አንሥታችሁ ነው» አልኳቸው። እስከ በርጩማዬ እግር ድረስ ለስነው ሄዱ። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ማንም ዝንጅብሌን አይነቅልም!

«እማዬ፣ ሥራ ሥር ማፍላት ይቅርብሽ» ብለሽ የላክሽው የሆድ መድኃኒት ደርሶኛል። ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤታችን ማርያማዊት ብልቃጡ ላይ ያለውን ብታነብልኝ፣ ለካ ዝንጅብል ነው! በልጅነትሽ ሆድሽ ሲነፋ በምን ያዳንኩሽ መስሎሽ ነው? ዛሬም ሻዬም ወጤም ያለ እሱ አይሆንም። ኪኒኑን ክብሩ ይዋጠው።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ያምናውን ዝንጅብል አድርቄ፣ ወቅጬ፣ ነፍቼ ብልቃጥሽን ሞልቼዋለሁ። እራት ከበላሽ በኋላ በሙቅ ውሃ ጠጪው።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ዝንጅብሉ ሲያልቅ ብልቃጡን በሰው እጅ አትላኪብኝ። አንቺው ይዘሽልኝ ነይ እንጂ፣ ባዶውንም ቢሆን እቀበላለሁ።

እናትሽ ብርሃነሽ