ያስቀመጥሽልኝ ቀሚስ

ይድረስ ለውዷ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሣብሽ ሳል ተወሽ ወይ? ላሟስ እንዴት ናት፣ ጥጃው ጠነከረ? እኔና ባለቤቴ እንግዳው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሱ ያው ከጎማ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ማታ እጁን በሳሙና ቢፈትገው ቢፈትገው ጥቁሩ አይለቀውም። ምግብ ቤቴም ቆማለች። የጎንደሩም የደብረ ታቦሩም ሹፌር ወረታ ሲደርስ እኔ ደጅ መኪናውን ያቆማል።

«ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት?» ብለሽ ደንግጠሽ ይሆናል። አትደንግጪ፣ ማንም አልሞተም። ችግሩ፣ ስልክ ስደውልልሽ ወንድሜ ማረው ድምፁን ከፍ አድርጎ መሀል ቤት ያስቀምጠዋል። እኔ አንቺን ስጠይቅ መልሱን የምሰማው ከጎረቤትሽ ከአምሳል ነው። የዛሬው ወሬ ግን ያንቺና የኔ ብቻ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በስንት መከራ የቆጠርሽው ፊደል ዛሬ ይጥቀመን። ለዐይንሽ ብዬ አግዝፌ ጽፌዋለሁ። አድራሹ ማረው ስለሆነ በደንብ አሽጌዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ጆሮውን ያዢልኝ።

ባለፈው ገበያ ማረው ሩዝ ይዞ መጣ። ምሳ አቀረብኩለት፣ በላ፣ ግን ዐይኑን ከትሪው አላነሣም። ማረው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ነገር ካለ እንደዚያ ነው። ስጎተጉተው ነገረኝ። ለካ አንቺ ለእመቤታችን ተስለሻል። የልጄ ሥጋዋ ተመልሶ፣ ያ ባለ ጥልፍ ቀሚሷ እንደ ድሮው እስኪሞላት ድረስ ወተትና ቅቤ በአፌ አይገባም ብለሻል። ቀሚሴን ከሣጥን እያወጣሽ ፀሐይ ታስመቺዋለሽ፣ መልሰሽም ታጥፊዋለሽ አለኝ። ፋሲካ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲፈታ አንቺ ሽሮሽን ይዘሽ ጥግ ተቀመጥሽ። ላሟ ወልዳ ወተቱ ቤቱን ሞልቶት፣ አንቺ አልበሽ ለሰው ትሰጫለሽ። ከወንዝ ስትመለሺም ዐይንሽን ጨለም አድርጎሽ መንገድ ላይ ተቀምጠሽ አገኙሽ። «ለሷ እንዳትነግራት ብላ አስምላኛለች» አለኝ። መሐላውን አፍርሶ ስለነገረኝ እንዳትቆጪው፤ እንባው መጥቶ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። በአንቺ ተናደድኩ። በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ጉልበቷ ብዬ ብቻዬን ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አንኳኳሁ። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንቺ እኮ የተራብሽው በኔ ዝምታ ነው።

እናቴ፣ እኔ አልታመምኩም። አዲስ አበባ የሐሞት ጠጠር ላስወጣ ነው ብዬሽ ስሄድ ለጠጠር አልነበረም። ሆዴን አስቀንሼ ነው የመጣሁት። የምግብ ከረጢቱን አብዛኛውን ቆርጠው አውጥተው የቀረውን ሰፉት። አሁን ያለኝ ከአንድ ሙዝ አይበልጥም። እዚህ ላይ ስትደርሺ እንደምታማትቢ አውቃለሁ፤ አማትቢና ቀጥዪ።

ለቁንጅና ብዬ አይደለም። ስኳሩ አልወርድ ብሎ ነበር። ተኝቼ ትንፋሼ እየተቋረጠ እንግዳው እየነቀነቀ ያነቃኝ ነበር፤ ያ ሰው ስንት ጊዜ ሞታብኛለች ብሎ እንደደነገጠ እሱና አምላኩ ያውቃሉ። ምድጃ ፊት ስቆም ጉልበቴ አልሸከም ይለኝ ነበር። ሌላም ነገር ነበረ፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ወገቤን እያየሽ በዐይንሽ የምትጠይቂኝ፣ በአፍሽ ግን አንድ ቀን አውጥተሽ ያልጠየቅሽኝ። ሐኪሟ ውፍረቱ ለእሱም እንቅፋት ነው አለችኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ሰውነቷ እስኪረጋ ታገሡ አለችን፤ ታገሥን።

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ትዪኛለሽ። ከእኔ በፊት የወለድሻትን ልጅ አስቤ ነዋ። ስለ እሷ ብዙ አታወሪም። ግን አንድ ቀን ክንዴን በእጅሽ ጨብጠሽ፣ የእሷ ክንድ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም ነበር ብለሽኛል። አንቺ ከሲታ ልጅ ቀብረሻል። ከዚያ እኔን ወለድሽና በእርጎ፣ በቅቤ አወፈርሽኝ። ሰው «ይችን ልጅ ምንድን ነው የምታበያት?» ሲልሽ ፊትሽ እንዴት ይበራ ነበር! እንግዲህ ያንን የሰጠሽኝን ሥጋ ወስጄ አስቆረጥኩት ብዬ በየትኛው አፌ ልንገርሽ? በኋላ እነግራታለሁ፣ ስትለምደኝ እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ። አንቺ ግን ስትፈሪ ቆየሽ።

አሁን እንዴት እንደምኖር ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ምግቤ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ነው የሚቀርበው። ደህና አድርጌ አላምጬ፣ አርፌ፣ እንደገና አላምጣለሁ። ውሃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ በልቼ ቆይቼ ነው የምጎነጨው። ከቸኮልኩ ተመልሶ ይመጣል። የሚዋጥ ኪኒን አለኝ፤ እሱን እስከ ዕድሜ ልክ። መጀመሪያ ላይ ጠጉሬ ሲረግፍ ማበጠሪያውን እያየሁ ምን አደረግኩ ብያለሁ፣ አልዋሽሽም። አሁን ተመልሶ በቅሏል። ክንዴ ላይ ቆዳው ተንጠልጥሏል፤ እንጀራ ሳቀርብ ይወዛወዛል፣ እንግዳው ደግሞ ክንፍ አወጣሽ እያለ ይስቅብኛል። ብርድ አይችለኝም ስል የነበርኩት ሴት አሁን በጠራራ ፀሐይ ጋቢ እፈልጋለሁ።

የምግብ ቤቴ ስም «ወፍራሟ ቤት» አልነበር? ዛሬም እንደዚያው ነው የሚጠሩት። አንድ ከመተማ የሚመጣ ሹፌር ገብቶ «ወፍራሟ የት ሄደች?» ሲለኝ «ገበያ ወርዳለች፤ ምን ልታዘዝ?» አልኩት። በልቶ ጨርሶ ሲወጣ «ሰላም በያት» ብሎኝ ሄደ። እኔም እሺ አልኩ። ባጃጅ ስሳፈር ድሮ የኋላውን ወንበር ብቻዬን ነበር የምይዘው፤ አሁን ባለባጃጁ ከጎኔ ሁለት ሰው ጠቅጥቆ «ጠጋ በይ» ይለኛል። መጀመሪያ ጊዜ ተሳደብኩ መሰለሽ? ደስ ብሎኝ እስከ መናኸሪያው ስስቅ ሄድኩ።

ሁሉም ግን ሳቅ አይደለም። የሚያውቀኝ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል፤ እጁን ሲሰጠኝም እንደመፍራት ይላል። ሳንባዋን ነው ብለው ምግቤን የተዉ ነበሩ፤ ኋላ ሲርባቸው ተመለሱ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ማዕዱ ነው። ከእንግዳው ጋር ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። አሁን እሱ ገና ሲጀምር እኔ እጨርሳለሁ። በፊት በፊት እሱም እያፈረ አብሮኝ እጁን ይሰበስብ ነበርና ከስቶብኝ ነበር፣ ምስኪን። ኋላ አንድ መላ አገኘን። እሱ እስኪጠግብ እጄን ከትሪው ሳላነሣ፣ ጫፍ ጫፏን እየቆረስኩ፣ እያወራሁ እቆያለሁ። እሱም ይበላል፣ እኔም ከማዕዴ አልጎድልም።

እንግዲህ የማረውን ልጅ ክርስትና ላንሣ። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት፣ በዶሮው ወጥ ያራስሽውን ያን ጉርሻ ጠቅልለሽ ወደ አፌ ስትዘረጊ ማለት ይገባኝ ነበር፤ «እናቴ፣ አይገባልኝም።» ግን እጅሽ ተዘርግቶ ነበር። የእናቴን እጅ አየር ላይ ልተወው? ከፈትኩና ጎረስኩ። አንቺ ደግሞ ደስ ብሎሽ ደገምሽኝ። ከዚያ ጎተራው ኋላ ሮጬ ሁሉንም ሳስመልሰው አንቺም አየሽ። ተከትለሽኝ መጥተሽ ግንባሬን በመዳፍሽ ይዘሽ «ልጄ» ብቻ አልሽ። እኔም የመንገዱ አቧራ ነው አልኩሽ። ፊትሽን ሳየው እንዳላመንሽኝ ገብቶኝ ነበር። ስለቱን የተሳልሽው ያን ሌሊት መሆኑን ግን ከማረው ሰማሁ።

ማረው ከሄደ በኋላ ለእንግዳው ነገርኩት። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሆድሽ ላይ ጋቢ ጠምጥመሽ ቀሚሱን ልበሺው፤ እናትሽ ዘንድ ሄደሽ አንድ ጊዜ ዞር በይላትና ወተቷን ትጠጣ» አለኝ። ስቀን ስቀን ልንሞት ነበር። ቆይቼ ግን እውነት አሰብኩበት፣ ጋቢውን እንኳ አውጥቼ ለካሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳይ አፈርኩ። ለእመቤታችን የገባሽውን ቃል በጋቢ አላታልልም። ስለዚህ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

እባክሽ እናቴ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ለንስሐ አባትሽ ሂጂና ንገሪያቸው። ልጄ ታማለች ብዬ ነበር፣ ለካ ድናለች በያቸው። እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ ከፈለግሽ አኩርፊኝ፤ ብቻ በልተሽ አኩርፊኝ። እኔ ትንሽ የምበላው ልኖር ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ በእኔ ምክንያት ስትደክሚ ካየሁ፣ መዳኔ ምኑ ላይ ነው?

ጉርሻሽንም ጠልቼው አይደለም። ስመጣ አጉርሺኝ፤ ብቻ አሳንሺልኝ። ለሕፃን እንደምታደርጊው፣ በሁለት ጣትሽ ጫፍ። ቀስ ብዬ አላምጠዋለሁ፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ።

ቀሚሱን ደግሞ ለማንም እንዳትሰጪው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እዚህ ደስታው የሚባል ልብስ ሰፊ አለ፤ ከሳሁ ባልኩ ቁጥር ልብሴን ሁሉ ያጠበበልኝ እሱ ነው። በዚህ ሰሞን አንዷን ቀሚስ ይዤ ሄጄ ወገቧን ልቀቅልኝ አልኩት። «እንዴ፣ ገና አሁን አጥብቤልሽ!» ብሎ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። አየኝ አየኝና ዐይኑን ወደ ወገቤ አወረደ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ «እንግዲያው ሰፋ አድርጌ ነው የምለቃት፤ በየወሩ እንዳትመላለሺብኝ» አለኝ። እኔም ነጠላዬን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ወጣሁ። ለሰው ገና አላወራንም። ከእንግዳው ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ደስታውን ካልቆጠርነው።

አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፣ መንገዱም አይሆንልኝም። ውሃው ሸሽቶ ሩዙ ወደ መታጨዱ ሲል እመጣለሁ። የምመጣው ለአንድ ቀን አይደለም፤ አንቺ ዘንድ ልሰነብት ነው። እንግዳውም ወጉ ነው ብሎ እሺ ብሏል። ያን የጓዳውን አልጋ አዘጋጂልኝ፣ ነፋስ እንዳይገባ በሩን ማረው ያብጀው። ሐኪሟ ቀኑን ስትቆጥርልኝ የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው ብላኛለች፤ እኔም ይህን ስሰማ አንቺን ነው ያሰብኩት። የገንፎውን እህል አስፈጭተሽ ጠብቂኝ። እኔ የምችለው ጥቂት ማንኪያ ነው። የቀረውን አንቺ ትጨርሺልኛለሽ፤ ቅቤው መሀሉ ላይ እንዳለ።

እስከዚያው የተሳልሽላት እመቤት ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ ዐይንሽን ታብራልኝ። እጅሽን ስሜያለሁ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ያወፈርሻት፣ ከስታም ያልተለየችሽ ልጅሽ

ከወረታ