ይቆይ ወይስ ይሂድ? የእትዬ ብሩሽ የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ «ሰዓት ሠሪው ቤት ሰው አረፈ» የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ግማሹ ሰፈር እያለቀሰ የመጣው ለባልየው ነበር። ስንት ዘመን የሚያስሉት፣ ሐኪም ቤት የሚመላለሱት እሳቸው ናቸውና ማንም ሌላ አላሰበም። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ በሩን የገፉት ዳቦ ጋጋሪው፣ ሞቱ የተባሉት ሰውዬ ወንበር ሲደረድሩ ቢያገኟቸው ክው አሉ።

«እኔ ገና ነኝ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ያረፈችው እሷ ናት። ግባና ወንበር አቀብለኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው ያን ጊዜ የምራቸውን አለቀሱ። እትዬ ብሩሽ ሕመማቸውን ለጎረቤት ትንፍሽ አላሉም ነበርና።

እትዬ ብሩሽ ከአባታቸው ከሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊውና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱትም ከሱቁ ጀርባ በነበረች፣ የቀለም ቆርቆሮና የክር ጥቅል ተደበላልቆ በሚኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ሒሳብ እምብዛም አልሆነላቸውም፤ ቁጥር አሳምሮ በመጻፍ ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። መምህራቸው «መልሱ ስሕተት ነው፤ ግን እንዴት ያምራል!» ይሏቸው ነበር ይባላል። ይህን ያወሩልን ራሳቸው ስለሆኑ እንመናቸው።

ከትምህርት በኋላ ከአባታቸው ጋር ሰሌዳ ሲጽፉ ሳሉ፣ በ1963 ዓ.ም. በጊዜው ጎረምሳ የነበሩት ሰዓት ሠሪ የገዛ እናታቸውን የግድግዳ ሰዓት ፊት ነቅለው ይዘውላቸው መጡ። የሰዓት ፊት ማለት ቁጥሮቹ የተጻፉበት፣ ጠቋሚዎቹ የሚዞሩበት ክብ ቆርቆሮ ነው። የሰዓት ሠሪው እናት ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

«ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል፤ አድሺልኝ» ብለው ሄዱ።

እትዬ ብሩሽ ደግሞ ሥራ ሲወዱ ልክ የላቸውም። ቁጥሮቹን ብቻ ቢባሉ ፊቱን በሳሙና ውሃና በጥጥ አጥበው፣ ቢጫ የሆነውን ቫርኒሽ አንሥተው፣ ከስድስት ቁጥር አጠገብ የነበረችውን ጥቁር እድፍ ሳይቀር ፈግፍገው አስለቀቁ። ሰዓት ሠሪው ተመልሰው ሲመጡ በኩራት አሳዩዋቸው።

«እድፏስ?» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«የለችም!» አሉ እትዬ ብሩሽ ፊታቸው በርቶ።

ለካስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀር ስለነበር፣ እናትየው በየጠዋቱ ጠቋሚውን ሲገፉ ጣታቸው የሚያርፈው እዚያች ላይ ነበር። ሰዓት ሠሪው ይህንኑ ተናግረው፣ ፊቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ ብሩሽ እድፍ ለመሥራት ታጥቀው ተነሡ። ቡናማና ጥቁር ቀለም እያዋሐዱ፣ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ የጣት አሻራ እየሳሉ ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ይመላለሱ ጀመር። ሰዓት ሠሪው በማጉያ መነጽራቸው አይተው ይመልሱላቸዋል።

«የእናቴ ጣት እንዲህ ወፍራም አልነበረም።»

በሌላ ቀን፦ «ይሄ የጣት ነው የጫማ?»

አባታቸው «ልጄ፣ እድፍ ታቅፈሽ መንገድ ለመንገድ አትዙሪ፤ ሰው ምን ይላል?» ቢሏቸውም አልሰሙም። በመጨረሻ ግን ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው «አልቻልኩም። የእናትህን ጣት እኔ ልሠራው አልችልም» አሉ። ሰዓት ሠሪው «ነገም ነይ» አሉ። በማግስቱ ሄዱ። በ1966 ዓ.ም. ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መስኮት ብርሃን አብረው ሠሩ፤ ባልየው ሞላውንና ጥርሳም ጎማዎቹን፣ እትዬ ፊቱን። «ያለ እኔ ያንቺ ሥራ ሳህን ነው» ሲሏቸው «ያለ እኔ ያንተ ሥራ ኳኳታ ነው» ይመልሳሉ። ይህን ክርክር ከግድግዳው ማዶ ሆነን ስንሰማ ኖረናል፤ አሸናፊው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እትዬ ብሩሽ ግን ሳይጠይቁ ያጠቡት ፊት ዳግመኛ የለም። ባለቤቱን አጠገባቸው አስቀምጠው እያንዳንዱን ጭረትና ነጥብ በብሩሻቸው ጭራ እየነኩ «ይሄ ይቆይ ወይስ ይሂድ?» ይላሉ። አንድ ጡረተኛ መምህር ልጃቸው ሕፃን ሳለች በጥፍር ቀለም ሦስት ቁጥር ላይ የቀባቻትን አበባ «ትቆይ» ብለው በእጃቸው ጋርደዋታል። ከሚስቱ የተጣላ አንድ ነጋዴ ደግሞ «ሁሉም ይሂድ!» ብሎ ጮኾ፣ በሳምንቱ «ትንሽ ይቆይ» ሊል ተመልሷል። የእኛ ልጆችም ማርማላታ ተለቅልቀው ሲያልፉ ይኸው ጥያቄ አይቀርላቸውም ነበር።

እንዲህ ስቀው እያሳቁን ሲኖሩ አንዲት ነገር ብቻ ከሆዳቸው አልወጣችም። ያ ሰዓት መኝታ ቤታቸው ተሰቅሎ በንጹሕ ፊቱ እያያቸው፣ ባለቤታቸው ስለ እድፏ «ይቅር ብዬሻለሁ» ብለዋቸው አያውቁም። እሳቸውም መጠየቁን ይፈሩት ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሆድ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በሕክምናም በቤተሰብም ሲረዱ ሰንብተው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ስም ስንጠራ የምናምታታቸውን የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥ።

ትልቋ ልጃቸው ይህችም ትጻፍልኝ ብላለች። ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ፣ እትዬ ብሩሽ ትራስ ተደግፈው፣ ሰዓት ሠሪውም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የአንድ ደንበኛ ሰዓት ፈትተው ነበር። እትዬ ብዙ አመነቱና «አንተ፣ ለመሆኑ ያችን እድፍ ይቅር ብለኸኛል?» አሏቸው።

ሰዓት ሠሪው ከማጉያ መነጽራቸው ቀና አላሉም።

«የትኛዋን? አንቺ ቤቴ ከገባሽ ወዲህ እድፍ መች አይቼ አውቃለሁ።»