ለቅሷችንን ጭፈራ አልከው

ለወንድሜ ለካምዊ፦

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድ ደረትህን ለቀቅ አደረገህ ወይስ እንደ አምናው ያስልሃል? ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እናታችን «መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂው፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ጻፊ» ስላለችኝ ነው በዚህ የጀመርኩት። እኔ ደህና ነኝ። እሷም ጉልበቷን ቢያማትም ከማሳዋ አልቀረችም። አባታችንም አለ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ አሁን እየሸሸ ነው፤ ዓሣው አልጠፋም። የደህንነታችን ወሬ እዚህ ላይ ያልቃል። የቀረውን ተቀምጠህ አንብበው።

ኮፐንሃገን ላይ በዚያ አዳራሽ ቆመህ የተናገርከውን ሰምተነዋል። እኔ ብቻ ሳልሆን መንደሩ በሙሉ ሰምቶታል። ዝም ልል ነበር፤ ግን አንጀቴ አርሮ ሥራ መሥራት አቃተኝ። እናታችን በስልክ ቆራርጣ የነገረችህን እኔ ከሥሩ ልንገርህ፣ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል።

ያ ጆሮው የተቀደደ ወንድ ዝሆን ዘንድሮ ማሳ ለምዶ ነበር። የበርበሬና የፋንድያ ጡብ እየለኮስን በጭስ ስናባርረው ከረምን፤ ኋላ ጭሱንም ናቀው። በመጋቢት፣ በቆሎው እሸት እንደያዘ፣ ዓሣ አጥማጁ ሲማታ ወጥመዱን ሊያነሳ በማለዳ ወደ ታንኳው ወረደ። ዝሆኑ ከሸምበቆው ውስጥ ወጣበት። ጩኸቱን የሰማችው ሚስቱ ናሲሌሌ ናት፤ ከኛ ከዱር እንስሳት ጥበቃዎቹ መጀመሪያ የደረስኩት ደግሞ እኔ። ያየሁትን አልጽፍልህም። ናሲሌሌ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ ፈታ ሰጠችን፤ የጠቀለልነው በሱ ነው።

ከቀብር መልስ ወንዶቹ ተሰበሰቡ። የሲማታ ወንድም ሙዬንጋ የከብት ቅማል የሚረጩበትን መርዝ ይዞ መጣና ዱባ ውስጥ እንጨምረው አለ። እኔ ተነስቼ ለመንኳቸው። ዱባውን ያ ገዳይ ብቻ አይበላውም፣ እናቶቹም ግልገሎቹም ይበሉታል፣ ጥንብ አንሳው ያልቃል፣ ውሾቻችሁም አይተርፉም አልኳቸው። የመንግሥት ሰዎች ለዚያ ለአንዱ ብቻ ፈቃድ እንዲሰጡን እንጠይቅ፣ እስከዚያ ታገሡ አልኩ። ሙዬንጋ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አንቺ ደሞዝሽ ከዝሆን ነው ናማሲኩ፤ የኛ ሬሳ ግን የሰው ነው» አለኝ። ቢሆንም ታገሡ። በኔ ቃል ነው የታገሡት፤ ይህን ልብ በል።

ፈቃዱ መጣ፣ ዝሆኑም ተገደለ። ሥጋው እንደ ደንቡ ለየቤቱ ተከፋፈለ። ለናሲሌሌ ከሁሉ በፊት ቢያቀርቡላት፣ «ባሌን የረገጠ እግር ከድስቴ አይገባም» ብላ ለጎረቤት ሰጠችው። ከዚያ ሴቶቹ እዚያው ዝሆኑ አጠገብ ቆሙና መሬቱን እየረገጡ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አውሬ ለበላው ሰው የሚዘፈነውን የለቅሶ ዘፈን ዘፈኑ። አንድ ሰው በስልኩ ቀረጸው። ዞሮ ዞሮ አንተ እጅ ገባ።

አስተማሪው ንግግርህን ይዞ ሲመጣ የመንደሩ ሹም ኢንዱና ማቴንጉ ሸንጎ ጠራ። እንግሊዝኛውን ከሁላችንም የምታውቅ አንቺ ነሽ፣ የወንድምሽን ቃል አንቺው ተርጉሚ አለኝ። ናሲሌሌ ፊት ለፊቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባታችን ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። እናታችን በኩራት ጥሩውን ልብሷን ለብሳ መጥታለች፤ ልጇ በፈረንጅ አገር ንግግር አደረገ ብለው ነግረዋት።

«በልጅነቴ ዝሆኖች ወንድሞቻችን ነበሩ» ያልከውን ስተረጉም ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱማ፣ «ከወንድሞቹ ጋር የሚያድረው እሱ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ቆርቆሮ ስንደበድብ ነበር የምናነጋው» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም ፈገግ አልኩ። ቀጥሎ ሕዝቤ ዛሬ በስግብግብነት ታውሯል አልክ። ሳቁ ቆመ። ያንን ዝሆን «አያቴ» እያልኩ እጠራው ነበር አልክ። መቼ? አንተ እዚህ እያለህ ያ ዝሆን ወዲያ ማዶ ነበር፤ ወደኛ የተሻገረው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ከዚያ፣ «ሬሳው አጠገብ ሲጨፍሩ አየኋቸው» የምትለዋ ደረሰች። እዚያ ላይ አቆምኩ። ማቴንጉ «ጨርሺ» አለኝ። ጨረስኩ።

ናሲሌሌ ቀና አለችና፣ «ሲማታንስ ምን አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላነሳውም አልኳት።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ጨርቋን አስተካክላ ተነሳች፤ ወደ ቤቷ ሄደች። እናታችን በለበሰችው ልብስ ፊቷን ሸፈነች።

ካምዊ፣ ሲማታ እኮ ጎርፍ መንገዱን ሲቆርጠው በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሰህ ሰው ነው። መቅዘፊያ አያያዝ ያስተማረህ አባታችን አይደለም፣ እሱ ነው። ለዝሆኑ የሌለውን ስም አወጣህለት፣ ለሲማታ ያለውን ስም ነፈግከው። ጭፈራ ነው ያልከውንም ዘፈን ሳታውቀው ቀርተህ አይደለም። አጎታችንን አዞ የበላው ጊዜ ከመሐላችን ቆመህ እግርህ እስኪዝል መሬቱን ረግጠሃል። ፈረንጁ ቢሳሳት አይፈረድበትም። አንተ ግን አውቀህ ነው፤ ሰዎቹ እንዲያለቅሱልህ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉሃል ይህ ነው።

ያስለቀስካቸው ሰዎች ዝም ብለው ወደ ቤታቸው የገቡ መስሎህ ይሆናል። ከኛ ከጥበቃዎቹ ጋር ሲሠራ የኖረው ድርጅት ላይ ጮኹበት። የድርጅቱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው መጡና እርዳታው ለጊዜው ቆሟል አሉን። ጫማውም፣ ሬዲዮውም፣ የበርበሬው ጡብም በዚያው ቀረ። እኔ ዛሬ ወንዙን ዳር ለዳር የምዞረው በነጠላ ጫማ ነው።

እሱስ ይሁን። ሰሞኑን ከወንዙ በላይ አሞራ ሲዞር አይቼ ሄድኩ። ሴቷ ዝሆን በጎኗ ወድቃለች፣ ግልገሏ ሆዷ ሥር። ጥንብ አንሳዎቹ ሞተው፣ ክንፋቸውን እንደዘረጉ እንደ አሮጌ ጨርቅ መሬቱን ሞልተውታል። የዱባው ስባሪ አፏ ውስጥ ነበር። ካምዊ፣ አንተ ለዝሆን አለቀስክ፤ እኔ ግን ግልገሉን በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ገና ትኩስ ነበር።

በቀጥታ ሙዬንጋ ቤት ሄድኩ። አልካደኝም። «ታገሡ አልሽን፣ ታገሥን። ሕግ ይከበር አልሽን፣ አከበርን። ክብሩን ወንድምሽ ስግብግብነት ብሎ ሸጠው። ከእንግዲህ በማን ቃል ነው የምታገሠው?» አለኝ። ይህን ሁሉ የሚናገረው ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ ነው።

አመለከትኩበት። ሥራዬ ነው፤ ዝም ብል ነገ ማንን ከልክዬ አቆማለሁ? ፖሊሶች ወስደውታል። ባሏን የቀበረችው ናሲሌሌ አሁን ለዋርሳዋ ገንፎ አገንፍታ እስር ቤት ትመላለሳለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። አልፈርድባትም። ሙዬንጋ ጥፋተኛ ነው፣ እኔም አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ፤ አንተ ግን እጅህን ታጥበህ እዚያ እያጨበጨቡልህ ነው። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሸንጎው ገና አልፈረደብህም። ማቴንጉ ሰው በሌለበት አይፈረድም፣ ይምጣና ቆሞ ይናገር ብሏል። ከመምጣትህ በፊት ግን የምትሠራው ሥራ አለህ። እዚያው አዳራሽ ተመለስ። እነዚያኑ ሰዎች ሰብስብና ሲማታ የሚባል ሰው ነበር በላቸው። ሚስቱ ማን እንደሆነች ንገራቸው። ሴቶቹ ምን ይዘፍኑ እንደነበር ንገራቸው። የገደልነው አንድ እንደነበረ፣ ያንተ ንግግር ያስገደለው ደግሞ ስንት እንደሆነ ንገራቸው። ካላጨበጨቡልህ እውነቱን ተናግረሃል ማለት ነው።

እናታችን ትስምሃለች፤ ደረትህን በሙቅ ውሃ እንድትታጠን አደራ ብላለች። እህታችን ኢኖንጌ ሰላም ብላሃለች፣ ግን ያንተን ፎቶ ከግድግዳው ላይ ያወረደችው እሷ ናት። ልጆቿ ምንም አያውቁም፣ አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ። ከናሲሌሌ ቤት ሰላምታ ጠይቄ መላክ አልቻልኩም። አባታችንን ለካምዊ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅኩት። የሚጠግነውን መረብ አስቀምጦ ወንዙን አየ፤ ከዚያ መረቡን መልሶ አነሳ። ይህንኑ መልሱን ልኬልሃለሁ።

እህትህ ናማሲኩ

ሊያንጉ መንደር፣ ኩዋንዶ ወንዝ ዳር
ሰኔ ወር መጀመሪያ