በስሜ የተደረገው ዱዓ

ዊዳድ፣

ዛሬ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው፤ በርሜሉን ሙይው። የባኞው ቧንቧ ስለሚያንጠባጥብ ባልዲ አድርጊበት።

እኔ ቀራንዮ፣ አጎቴ ቤት ሄጃለሁ። ለቀስተኛው አላባራም። በጣም ደክሞኛል፤ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ይጥለኛል።

አያቴን፣ እማማን፣ ከቀበርን ወዲህ እንዳኮረፍኩሽ ታውቂያለሽ።
እማማ ለሕክምና መጥተው ሁለታችን አብረን በምንኖርባት ቤት ሲያርፉ፣ አልጋሽን ለቀሽ መሬት የተኛሽው አንቺ ነሽ። አልረሳሁትም። ግን ነገር መርሳት ከጀመሩ በኋላ በእኔ ስም «ሃፊዛ» ብለው የሚጠሩት አንቺን ሆነ። እኔን፣ በእጃቸው ያሳደጉኝን፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኝ ነበር። አንቺም መጀመሪያ «ዊዳድ ነኝ፣ እማማ» ትያቸው ነበር። በኋላ ሲደክሙ አሳዘኑሽና «አቤት» ማለት ጀመርሽ።
«አቤት» ባልሽ ቁጥር ከክፍሉ እወጣ ነበር።

የሞቱ ዕለት መድኃኒት ፍለጋ ዘነበወርቅ ወርጄ ስመለስ፣ እጃቸውን ይዘሽ ታለቅሻለሽ። «ሃፊዛ እያሉ ዱዓ ሲያደርጉልሽ ነበር» አልሽኝ።  ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም።

ወጥ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብይ። ከዚያ ሻርፕሽን ጣል አድርገሽ ነይ። አክስቶቼ «ያቺ ልጅ የት ቀረች?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሰው ፊት ማውራት ከከበደሽ ከበር ጥሪኝና እወጣለሁ። እማማ ያሉትን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።

አንቺ አሚን እንዳልሽልኝ አውቃለሁ። አሁን እኔም ልበል።

ሃፊዛ