እንጉዳይ ቤት ውስጥ በረዶ ሲጥል ካሳ ለሚከፍሉን ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ ሚስተር ሃርላን ዌትዝል፣
የልዩ ልዩ እንጉዳዮች መድን አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ፔንስልቬንያ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ስብሰባዎችዎ ያርዝምልዎ። እኔ የኦይስተር እንጉዳይ አምራቹ የዶሜኒክ ፋሊኒ ልጅ ሬናታ ነኝ፤ ዕድሜዬ ገና አሥራ ስድስት ቢሆንም፣ ኮሚቴዎ የእኛን መድን እያጠና ሲሸብት በዐይኔ ለማየት በቅቻለሁ።

አንደኛ፦ ያረቀቁልን መድን በረዶ፣ ድርቅና ውርጭ ሰብላችንን ሲመቱት ካሳ እንደሚከፍል ስላበሰሩን ከልብ እናመሰግናለን። እንጉዳያችን መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያ በተንጠለጠሉ የገለባ ከረጢቶች ላይ እንደሚበቅል አባቴ ሲያስረዳዎ «ይሁን፤ ተፈጥሮ አይታወቅም» ማለትዎን ቤተሰባችን እስከ ዛሬ እያነሣ ይስቃል። እንጉዳይ አምራች ሁሉ ከእንቅልፉ የሚባንንበትን ሻጋታ ግን ለተጨማሪ ጥናት አስተላልፈውታል።

ሁለተኛ፦ ለጥናቱ ሲሉ በአካል ስለጎበኙን ክብር ተሰምቶናል። በእንጉዳይ ቤታችን በር ላይ ያለው የመድኃኒት ገንዳ ሻጋታ እንዳይገባ ጫማ የሚነከርበት ነው፤ እኔ ሳልነክር ብገባ አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ይውላል። እርስዎ ግን ሻጋታ ካጠቃው የጎረቤታችን እንጉዳይ ቤት በቀጥታ መጥተው፣ «ጫማዬ አዲስ ነው» ብለው ገንዳውን እንደ ሚዳቋ ዘለሉት፤ በዚህ ዕድሜዎ የሚያስቀና ዝላይ ነበር። አባቴም ባለሥልጣን ሲያይ ወገቡ የሚታጠፍ ሰው ስለሆነ «ይግቡ ጌታዬ፣ ምን ችግር አለ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ከረጢቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሱ፤ ሰብሉን በሙሉ አውጥተን ጣልን። ኮሚቴዎም ነገሩን በጥሞና መርምሮ፣ ጥፋቱ ጫማውን ያልነከረ ሰው ያስገባው የአባቴ ነው ሲል ወሰነ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ማንን እንደምናስገባ መጠንቀቅ ነበረብን።

ሦስተኛውን አባቴ እንዳልጽፈው ለምኖኛል፤ እኔም የታላላቆቼን ልመና የምሰማበት ጆሮ ስለሌለኝ ጽፌዋለሁ። መድናችን ገና በጥናት ላይ ስለሆነ፣ ባንኩም መድን ለሌለው ሰብል አላበድርም ስላለ፣ አባቴ የእንጉዳይ ቤቱን ለሽያጭ አቅርቧል። አሁንም ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ባዶው ቤት ይሄድና ጫማውን ነክሮ ይገባል።

የሚቀጥለው ስብሰባዎ ምሳ እንዲጣፍጥልዎ የምትመኝ፣ ለሽማግሌዎች ያላት አክብሮት በየቀኑ የሚፈተን፣

ታዛዥዎ
ሬናታ ፋሊኒ

ማስታወሻ፦ ቤቱ ትናንት ተሸጠ። ገዢው አሮጌ መኪኖቹን ሊያቆምበት ነው። ግቢያችን ውስጥ እንደቆመ፣ በአንድ ስልክ፣ ለባዶው ቤት መድን ገባለት፤ አባቴ አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ለካስ ያስቸገራችሁ እንጉዳዩ ብቻ ኖሯል፤ እንኳን ተገላገላችሁ።