በቆንጅት ቡፌ ማንም «ብሉ» አይልም

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሐና፣
ጂንካ

ሰላምታዬ ከዚህ ከሸዋሮቢት ተነሥቶ፣ ጣርማበርን በብርድ፣ አዲስ አበባን በግርግር አልፎ፣ አርባ ምንጭ ላይ ጥቂት አርፎ፣ ካለሽበት ደጅ እስኪደርስ እንዳይደክመው እየጸለይኩ እልክልሻለሁ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? የማዋለጃ ክፍሉ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ያቆምሻል ወይስ የጂንካ ሕፃናት ጨዋ ሆነው በቀን ይወለዳሉ? ያ አልለቅ ያለሽ ጉንፋንስ ሄደልሽ? እኛ ከሙቀቱ በቀር ክፉ ነገር አልነካንም፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ለምን አልደወለም ትይ ይሆናል። ስልክማ አለኝ። ነገር ግን በስልክ ወሬ ስጀምር «ጋሼ፣ ቶሎ ጨርስ፣ ወላድ መጣች» ትይኛለሽ። ይሄ ወሬ ደግሞ እንደ ዶሮ ወጥ ቀስ ብሎ ካልበሰለ አይጥምም። በጾም ዶሮ በማንሣቴ ይቅር በይኝ።

የምጽፍልሽ በእናትሽ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ፀሐይዋ ከሰማዩ መሐል አልነቃነቅ ብላለች፤ ውሻው እንኳ ለመጮኽ ሰንፏል። ከወንዙ ማዶ ያለው የሽንኩርት ማሳ በሙቀቱ እየተርገበገበ ውሃ ላይ የተሳለ ይመስላል። ስለዚህ ደብዳቤዬ ሕልም ሕልም ቢልሽ አትፍረጂብኝ። ዛሬ ከሆነው ነገር እኔም ገና በደንብ አልነቃሁም።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። አያትሽ በእጃቸው የተከሉትን ማንጎ ጋሼ ዘውዴ ለሽንኩርቴ ጥላ ሆነብኝ ብሎ በመጥረቢያ ከጣለው ወዲህ፣ እናትሽ እሱን ካላናገረችው ሦስት ዓመት ሆናት። «እናቴን ሁለት ጊዜ ቀበራት» ያለችው ያን ቀን ነው። ወንድሟ ነው፣ ታላቋ ነው ብለን ሽማግሌ ገባ፣ ቄስ ገባ፣ እኔም ገባሁ፤ ሁላችንም በገባንበት በር ወጣን። አንቺ በበኩልሽ ለዮናስ ሽማግሌዎች ቃልሽን ሰጥተሻል፦ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ ጋሼ ዘውዴ ካልዳረኝ፣ እናቴም አጠገቡ ካልተቀመጠች ቀን አልቆርጥም ብለሻል። እናትሽ ደግሞ «እሱ ያለበት ዳስ አልገባም» ብላለች። ዮናስ ምስኪኑ በመሐል ቀረ። ያ ነቢዩ ስመ ሞክሼው እንኳ በዓሣ ሆድ ውስጥ የቆየው ሦስት ቀን ነው፤ የኛው ዮናስ ዓመት ሊሞላው ነው።

ቆንጅትን አትረሻትም፤ ከመናኸሪያው ማዶ ፓስቲ ትጠብስ የነበረችውን። አሁን ምግብ ቤት ከፍታ የምሳ ቡፌ ጀምራለች። የደሴ መንገደኛ ሁሉ ለምሳ የሚወርደው እሷ ዘንድ ነው። በር ላይ ትከፍያለሽ፣ ሰሃን ይሰጥሻል፣ ከዚያ በኋላ አንቺና ሆድሽ ናችሁ። ረዥም ጠረጴዛ ላይ ከሥራቸው እሳት የሚነድላቸው ሰፋፊ ድስቶች ተደርድረዋል፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው፣ ቀይ ሥሩ፣ ከዳር ደግሞ ሩዝና መኮሮኒ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት፣ ሁለተኛ የማይፈቀድ መስሎኝ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ከምሬ መኮሮኒውን እንደ ጣሪያ ከደንኩበት። ቆንጅት «ጋሼ ተሻለ፣ ተመልሰው መጨመር ይችላሉ እኮ፤ ምግቡ የትም አይሄድም» ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ዕለት ነው፣ አፌ መኮሮኒ እንደ ሞላ። መቼም የተጣላ ሰው ከአንድ ገበታ አይቆርስም። ሁለቱን በአንድ ቤት ማብላት ያቃተን ለዚህ ነው፤ ክርስትናም ይሁን ተዝካር አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ቡፌ ላይ ግን ሰሃኑ የየራስ ነው! አብረው ተቀምጠው አብረው ሳይበሉ መብላት ይችላሉ። ሽማግሌዎቹ ይሄን እንዴት አላሰቡትም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዛሬ እሑድ ጋሼ ዘውዴን ከቅዳሴ መልስ ምሳ ልጋብዝህ አልኩት። «አንተ? ማን ሞተ?» አለኝ። ለእናትሽ ደግሞ ኑረዲንን ከነባጃጁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላክሁላት። የጎረቤታችን ልጅ ኑረዲን አሁን ባጃጅ ነጂ ሆኗል። «ጋሼ ተሻለን ሆዱን ብሎት ቆንጅት ቤት ነው በላት» ስለው «ጾሜን ከፈታሁ ገና ሳምንቴ ነው፤ እንዲህ በቶሎ አታስዋሸኝ» አለኝ። ውሸት የለበትም፣ ርቦኛል ብዬ አሳመንኩት።

እናትሽ ነጠላዋ ወደ ኋላ እየተጎተተ ደረሰች። እኔን አየች፣ ጋሼ ዘውዴን አየች፣ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች።

«እትዬ» አልኳት፣ «እዚህ ቤት ሰሃን የየራስ ነው። ከማንም ጋር አትቆርሺም። ቂምሽን ማንም አይነካብሽም፤ ቁጭ በይ።»

ኑረዲንም አገዘኝ። «ይቀመጡ እንጂ እትዬ፤ እኔም መብላቴ ነው። በእናንተ ጾም ጊዜ ስጋት የለብኝም፤ ሽሮ ሃይማኖት የላትም» አላት። ለሱ ስትል ተቀመጠች፤ በጋሼ ዘውዴ በኩል ያለውን ጉንጯን ግን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ሕልም የሚመስለኝ። አንድ አውቶቡስ ሰው አራግፎ ኖሮ፣ መንገደኛው ሰሃን ሰሃኑን ይዞ በድስቶቹ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል። ማራገቢያው ከላይ ይዞራል፣ ሰዉ ከታች ይዞራል፤ ሁሉም ደክሞታልና አይነጋገርም። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሲሸፍነው፣ የሞቱ ዘመዶቻችን ሁሉ ተሰልፈው ምሳቸውን የሚያነሡ መሰለኝ። አያትሽን በነጭ ነጠላ ጎመን ሲጨልፉ አየሁ ብልሽ አትስቂ። ዞር ሲሉ ኮምቦልቻ የሚሄዱ ሌላ እናት ሆነው ቀሩ።

ከሐሳቤ ስመለስ ሁለቱም ባዶ ሰሃን ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የኛ ሰው በሰው ቤት ተነሥቶ ድስት አይከፍትም። «ብሉ» ይባላል፣ «በቃኝ» ይላል፣ «በሞቴ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጁን የሚዘረጋው። በቆንጅት ቡፌ ግን ማንም ብሉ አይልም።

«ተነሡና አንሡ እንጂ!» አልኳቸው።

«የሰው ድስት ልከፍት?» አለ ጋሼ ዘውዴ።

«እኔ አልራበኝም» አለች እናትሽ፣ ለመስኮቱ።

ጋባዡ እኔ ነኝና በሞቴ አልኳቸው። ስንት ጊዜ በሐሰት የሞተ ሰው ለምኖ ማን ይሰማዋል? ደግሞ ገባኝ፤ ቀድሞ የተነሣው በሌላው ፊት ሆዳም ሊባል ነው። እኔና ኑረዲን ሄደን ሰሃናችንን ሞልተን መጣን። እነሱ እንደ ታቦት ዘበኛ ፀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እኛ እየበላን ጊዜው ሄደ።

ድንገት የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። የጋሼ ዘውዴ እጅ ነው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ስኳሩን ታውቂዋለሽ፤ መድኃኒቱን ወስዶ እህል ሳይቀምስ ረፍዶበታል። ይሄን ሁሉ ቀልድ የጎነጎንኩ ሰውዬ በዚያች ቅጽበት ቀልዱ ጠፋኝ። ወንድሜን ለምሳ ጠርቼ በረሃብ ልገድለው ነው አልኩ።

ከእኔ በፊት የተነሣችው እናትሽ ናት። «ኑረዲን፣ ለስላሳ ቶሎ!» አለችና የጋሼ ዘውዴን ሰሃን ከፊቱ ነጥቃ ወደ ድስቶቹ ሄደች። ኑረዲን በግድ ሲያጎነጨው እኔ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም። ክክ አልጫ አደረገች፣ ጎመን አደረገች፣ ፎሶልያ ጨመረች። ሩዙ ጋ ስትደርስ ጭልፋውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችውና አለፈች። ሐኪሙ ሩዝ የከለከለው አምና ነው። ሦስት ዓመት ያላናገረችው ሰው ሩዝ እንደማይበላ ማን ነገራት? እኔ አልነገርኳትም።

ሰሃኑን ፊቱ አኖረችለት። «ብላ» አለችው።

«በቃኝ። ተሻለኝ» አለ፣ ያ ግትር!

ቆማ አየችው። «በእማማ አጥንት!» አለችው።

ጋሼ ዘውዴ ያን መሐላ ሰምቶ እንዴት እንቢ ይበል? ቆረሰ፣ ጎረሰ። ዓይኑ ሞላ። ሳየው ጊዜ «ቃሪያው ነው» አለኝ። ሰሃኑ ላይ አንዲት ቃሪያ አልነበረችም፤ እኔም ለአንድ ቀን አፌን ያዝሁ።

እናትሽ አጠገቡ ቁጭ አለች። የራሷን ሰሃን ረስታዋለች። ትንሽ ቆየችና እጇን ሰዳ ከጋሼ ዘውዴ ሰሃን ቆረሰች። ኑረዲን በጉልበቱ መታኝ፤ እኔም መታሁት።

በዚያው ደቂቃ ቆንጅት መጣች። «ይቅርታ እትዬ እቴነሽ፣ ቡፌ ላይ በአንድ ሰሃን ሁለት ሰው አይፈቀድም» አለች። አየሽ ጣጣውን! ሽማግሌና ቄስ ያቃታቸውን ቆንጅት በደንቧ ልታፈርሰው። ዘልዬ ተነሣሁና በጆሮዋ ነገርኳት። እነሱን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ። «እንግዲያ እኔ አላየሁም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ተመልሳ መጥታ ሁለት እንጀራ ሰሃናቸው ላይ ዘርግታ ሄደች።

«ደስ አይበልህ» አለችው እናትሽ እያኘከች። «የማንጎውን ነገር አልተውኩትም። እያበላሁህም እጣላሃለሁ።»

«ተጣዪኝ» አላት። «መቁረጤ ጥፋት ነው፤ የቆረጥኩት ዕለት ማታውኑ ገብቶኝ ነበር። ተጣዪኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ።»

እናትሽ ከሰሃኑ ሌላ ጉርሻ ቆረሰች። ከዚያ ጋሼ ዘውዴ ዓይኑን ከሰሃኑ ሳያነሣ «ሐናን ማን ይዳራት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሌላ አጎት አላት እንዴ?» አለችው።

«እኔስ?» አልኳት ተቆጥቼ።

«አንተ የሙሽሮቹን ሚዜዎች ታስቃቸዋለህ» አለችኝ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ደመወዜ ይኸው ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ለዮናስ ከዓሣው ሆድ ውጣ በይው። ፋሲካ ይለፍና ቀኑን እናንተ ቁረጡ፤ ዳሱን ለእኔ ተዉት።

ኑረዲን ሁላችንንም በባጃጁ ጭኖ እዚህ አደረሰን። ጋሼ ዘውዴ ጥቂት ልረፍ ብሎ እፊት ለፊቴ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እናትሽ ራስጌው ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ እሽ ትልለታለች። እጇ ትሄዳለች ትመለሳለች፤ እኔንም እየወዘወዘችኝ ነው፣ ፊደሎቼ ቢንጋደዱ ከዚያ ነው።

አብራሽ ለምትኖረው ለሩት ሰላም በይልኝ፤ የላከችልኝ ማር ገና ሳይደርሰኝ አልቋል፣ መንገድ ላይ የበላውን ሰው እግዜር ይይለት። ለዮናስ ሰላም በይልኝ፤ ለሚያስተምራቸው ልጆችም እንደዚሁ። ለቤት አከራይሽም የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ከዚህ ባለቤቴ ትስምሻለች። ኑረዲንም ለሠርጉ ባጃጁን በአበባ አስጌጣለሁ ብሏል። ጋሼ ዘውዴ ሲነቃ የራሱን ሰላምታ ራሱ ይደውልልሽ። እናትሽ ደግሞ ሰላም በላት ብላኛለች፤ በሹክሹክታ ነው ያለችኝ፣ እንዳይነቃ።

አጎትሽ ተሻለ
ሸዋሮቢት፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.